ሁለት ዋና ጣቢያዎችና መንገድ ላይ ያለ አንድ መልእክት

ለተከበሩ የመገናኛ መስመሮች ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር፣
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ ከመስመሮችዎ የተሻለ እንዲሆን፣ ቤተሰብዎ ሁልጊዜ ከወንዝ ራቅ፣ ከፍ ባለ ቦታ ላይ እንዲኖር፣ እንቅልፍዎም እስከ ዛሬ እንደነበረው ሳይቋረጥ እንዲዘልቅ ምኞቴ ነው።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሣሣኝ አንድ የምሥራች ነው። ባለፈው ሳምንት በመሥሪያ ቤትዎ ሦስተኛ ፎቅ፣ አንድ እግሩ ባጠረ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ተራዬን ስጠብቅ፣ ከሊፍት የወጡ ሁለት ሠራተኞችዎ የሻይ ብርጭቆ እንደያዙ በአጠገቤ ሲያልፉ አንደኛው ለሌላው «ሰዎቹ ደግሞ ምን ያካብዱታል? መልእክቱ እንደሆነ አልጠፋም፤ መንገድ ላይ ነው» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። የሰሙትን ሁሉ ማመን ጅልነት እንደሆነ አላጣሁትም፤ ነገር ግን የመልእክትን ነገር ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ ስለሌለ አመንሁ። ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ በቤታችን ሁላችን እርማችንን ያወጣንለት መልእክት ለካ በሕይወት አለ፤ ለካ እየመጣ ነው።

እንግዲህ እየመጣ ከሆነ፣ ከመድረሱ በፊት ጥቂት ነገር እንዲነገረው በትሕትና እለምናለሁ። የተላከበት ቤት በሩ ተቀይሯል፤ የድሮው ሰማያዊ በር ከወንዙ ጋር ሄዷል። «ውሃ እየመጣ ነውና ውጣ» ሊለው የነበረው ሰውም የለም። መልእክቱ ይህን ሳያውቅ ደክሞ መጥቶ በር ላይ እንዳይደነግጥ ብዬ ነው።

ስለ ራሴ ጥቂት ብናገር፣ መጽሐፍ በመጠረዝ የምተዳደር፣ በላይኛው መንገድ ዳር ፎቅ ላይ የምኖር፣ በዚያ ጎርፍ ጫማው እንኳ ያልረጠበ ሰው ነኝ። የምጽፈው ስለ ታላቅ እህቴ ነው። እህቴ የምትኖረው በታችኛው ሰፈር በመጨረሻው ረድፍ፣ ወንዙ ከጓሮዋ በሚታይበት ቤት ነው፤ ዳሌዋን ስለሚያማትም ወደ ላይኛው መንገድ የሚያስወጣውን ዳገት መውጣት የምትችለው አስቀድሞ ከተነገራት ብቻ ነው። ከዚህ ደብዳቤ ውስጥ ሌላውን ሁሉ ቢረሱት እንኳ «አስቀድሞ ከተነገራት» የምትለዋን ሐረግ እባክዎ ይያዙልኝ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልግለጠው፤ እርስዎማ ያውቁታል ብዬ በደፋርነት እገምታለሁ። በላይኛው ድልድይ እግር ላይ መሥሪያ ቤትዎ የተከለው የውሃ መለኪያ አለ። ወንዙ ቀዩን ምልክት ሲያልፍ መለኪያው መልእክት ይልካል፤ መልእክቱ በዋናው የግንኙነት መረብዎ በኩል አድርጎ በታችኛው ሰፈር ምሰሶ ላይ ከተሰቀለው ጡሩምባ ይደርሳል፤ ጡሩምባው ይነፋል፤ ሰው ልጁን አዝሎ፣ ሽማግሌውን ደግፎ ወደ ላይ ይወጣል። ከድልድዩ እስከ ሰፈሩ ያለውን መንገድ ወንዙ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። መልእክቱ ግን ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ባለው ጊዜ እንደሚደርስ በሚያምረው ብሮሹርዎ ላይ ተጽፏል። ባለፈው ክረምት አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ተወዳደሩ፤ ወንዙ አሸነፈ።

ያን ቀን እኛ ዘንድ ፀሐይ ነበር፤ የሚዘንበው ወንዙ ከሚነሣበት ከላይኛው አገር ነው። እህቴ ዳሌዋን ልትታይ ክሊኒክ ሄዳ ነበር። ባሏ ልብስ ሰፊ ነውና ከፊት ለፊቷ ክፍል ከመኪናው ላይ ጎንበስ ብሎ የተማሪዎች የደንብ ልብስ እየሰፋ ሳለ፣ ጎረቤቱ ፍራሽ ሰፊው በመስኮት ብቅ ብሎ «ጋሼ፣ ወንዙ መልኩን አላማረኝም፣ ተነሥ እንውጣ» ቢለው፣ «ጡሩምባው ሳይነፋ ምን ያስሮጠኛል? የሰው ልጅ ልብስ እጄ ላይ ነው፤ አንተ ቅደም፣ ከነፋ እከተልሃለሁ» ብሎ መለሰለት። ፍራሽ ሰፊው ቀደመ። በኋላ ውሃው ሲሸሽ የደንብ ልብሶቹን ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አገኘናቸው፤ አንዳቸውም አልረጠቡም። ትምህርት ሲከፈት ልጆቹ ለብሰዋቸው ሄዱ። እህቴ የጎደሉትን ቁልፎች ራሷ ተክላ ነው ያስረከበችው።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልግባ። ብዙ ስለሆነ በተራ ቁጥር አቀርበዋለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ደኅንነቱ አመሰግናለሁ። የምርመራ ሪፖርትዎ በኩራት እንዳሰፈረው፣ መልእክቱ ከድልድዩ ከተነሣበት ቅጽበት ጀምሮ በምስጢር ቁልፍ የተቆለፈ ስለነበር በጉዞው ሁሉ አንድም ያልተፈቀደለት ሰው አላነበበውም፤ የጠለፈው የለም፤ የበረዘው የለም። ይህ እውነት ነው፤ እኔ በግሌ እመሰክራለሁ። በዚያ ሐሙስ ወንዙ እየመጣ መሆኑን አንድም ጠላት አላወቀም። እኛም አላወቅንም።

ሁለተኛ፤ ስለ አስተማማኝነቱ። አባቶቻችን «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ያሉትን መሥሪያ ቤትዎ ቃል በቃል ፈጽሞ፣ ወደ ታችኛው ሰፈር የሚሄደው መልእክት የሚያልፍባቸው ሁለት ጣቢያዎች አቋቁሟል፤ ምሥራቅ ጣቢያና ምዕራብ ጣቢያ ይባላሉ፤ እያንዳንዳቸውም እስከ ሰፈራችን ምሰሶ የሚወርድ የየራሳቸው ገመድ አላቸው። በመጀመሪያ በተሠራው ሥርዓት ምሥራቁ «ዋና»፣ ምዕራቡ «መጠባበቂያ» ነበር። ዋናው ቢታመም መጠባበቂያው ይደርሳል። እኔ እንደ ተራ ሰው ሳስበው ይህ በቂ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የሰው ልብ ውስጥ ያለውን መስመር አላሰብሁትም ኖሯል።

የምዕራቡ ኃላፊ በቢሮው በር ላይ «መጠባበቂያ» የሚል ጽሑፍ እያነበበ መግባት ከበደው። በሠርግ ላይ ሥራውን ሲጠየቅ «መጠባበቂያ ነኝ» ማለት ለአንድ የተከበረ ሰው ምን ያህል እንደሚቀፍ ማንም ይረዳዋል። የምሥራቁ ኃላፊ በበኩሉ «ዋና» የሚለውን ሰሌዳ ከመንገድ ማዶ እንዲነበብ አድርጎ አስጻፈው። ሰላምታ ቆመ። ሠራተኞቻቸው በአንድ ሰርቪስ መኪና አንሳፈርም አሉ። ነገሩ እዚህ ሲደርስ እርስዎ፣ ሰላም ወዳድነትዎ የታወቀ ነውና፣ ሁለቱን አስጠርተው አስታረቋቸው። የእርቁ ቃል እነሆ በሪፖርትዎ አባሪ ላይ ታትሞ ይገኛል፦ ከእንግዲህ ማንም መጠባበቂያ አይባልም፤ ምሥራቅ ምዕራብን እንደ ዋና ይቆጥራል፣ ምዕራብም ምሥራቅን እንደ ዋና ይቆጥራል። እርቁ ከአንገት በላይ እንዳይሆንም፣ በዚያው ዕለት በሁለቱም ጣቢያዎች ራውተር ውስጥ እንዲጻፍ ታዘዘ፤ ተጻፈም።

ራውተር ማለት፣ እኔ እንደገባኝ፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ የቆመ ትራፊክ ፖሊስ ነው። የጫንኸው ምንድን ነው ብሎ አይጠይቅም፤ አድራሻውን ብቻ አይቶ እጁን ይዘረጋል። መልእክቱ ከድልድዩ ተነሥቶ ምሥራቅ ጣቢያ ደረሰ፤ ምሥራቅ ጣቢያ ገመዱ ጤነኛ፣ መብራቱ የበራ ሆኖ ሳለ፣ «ዋናውማ እርስዎ ነዎት» ብሎ ወደ ምዕራብ አሳለፈው። ምዕራብ ጣቢያም ገመዱ ጤነኛ፣ መብራቱ የበራ ሆኖ ሳለ፣ «ኧረ በፍጹም፣ እርስዎ እያሉ» ብሎ ወደ ምሥራቅ መለሰው። በር ላይ የተገናኙ ሁለት ጨዋ ሰዎች «ይቅደሙ»፣ «የለም እርስዎ ይቅደሙ» እየተባባሉ ሲገባበዙ፣ ከኋላቸው ምጥ የያዛት ሴት ቆማለች ብለው ያስቡት።

ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል። ሲታረቁም ሣሩ እንደማይተርፍ ተምረናልና ስለ ትምህርቱ እግዜር ይስጥልን።

በተጨማሪ ከሪፖርትዎ እንደተረዳሁት፣ መልእክት ሁሉ ሲወለድ የዕድሜ ቁጥር ይሰጠዋል፤ በየጣቢያው ባለፈ ቁጥር አንድ አንድ ይቀነስበታል፤ ሲያልቅበት ያለ ለቅሶ፣ ያለ መርዶ ይጣላል። ይህ የተደረገው መንገድ የጠፋው መልእክት ለዘላለም ሲንከራተት እንዳይኖር በርኅራኄ ነው። መለኪያው ግን ሞኝ ነገር ነውና፣ መልስ ሲያጣ ደጋግሞ ላከ፤ ውሃው ራሱን እስኪያሰጥመው ድረስ ላከ። ሁሉም እየተገባበዙ ሞቱ።

ከእርቁ ቀን እስከ ጎርፉ ቀን ድረስ ይህን ሳታውቁ መቅረታችሁ እንዳያስወቅሳችሁ ይህን ልጨምር፦ ጡሩምባው በየወሩ ይፈተሽ ነበር። ፈታሹ ሠራተኛዎ በመኪና ይመጣል፤ ከምሰሶው ሥር ያለውን ቁልፍ በጣቱ ይጫናል፤ ጡሩምባው ሰፈሩን ያናውጠዋል፤ ሕፃናት ይጮኻሉ፤ ሠራተኛው «ይሠራል» ብሎ ጽፎ ይሄዳል። ስለዚህ ጡሩምባው መንፋት እንደሚችል አንድም ወር አልተጠራጠርንም። ንፋ የሚለው ይደርሰው እንደሆነ ግን ለመፈተሽ ወንዝ ያስፈልግ ነበር። ከጎርፉ ማግስትም ያው ሠራተኛ መጥቶ፣ ጭቃው ውስጥ በቦት ጫማ ቆሞ፣ ቁልፉን ተጫነ፤ ጡሩምባው አሳምሮ ነፋ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለውን ተረት በዚያ ጠዋት የተረተ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም እጁ ላይ አካፋ ነበር።

ሦስተኛ፤ ይህን ነጥብ በመጠባበቂያነት ይዤዋለሁ። ቢያንስ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አንድ ነገር እንኳ «መጠባበቂያ» ተብሎ ሳይከፋው ይቀመጥ።

አራተኛ፤ ስለ ዓመታዊ መጽሔትዎ ምስጋናዬን አለማቅረብ ንፉግነት ነው። በዓመቱ በሁለቱ ጣቢያዎች መካከል ከፍተኛው የመልእክት ልውውጥ የተመዘገበበት ቀን ያ ሐሙስ እንደሆነ የሚያሳየውን ባለቀለም ገበታ አይቻለሁ፤ ርዕሱም «የትብብራችን ከፍታ» ይላል። ከሥሩ ሁለቱ ኃላፊዎች አንድ የምስክር ወረቀት በአራት እጅ ይዘው ፈገግ ብለዋል። መጽሔቱን እንድጠርዘው አንድ ደንበኛ ያመጣልኝ ሰሞን ያን ገጽ ስሰፋ መርፌው ሁለት ጊዜ ተሰብሮብኛል፤ የወረቀቱ ጥራት ነው፤ በጣም ወፍራም ነው።

አምስተኛ፤ ወደ ሰፈራችን ድረስ ወርዳችሁ ማብራሪያ ስለሰጣችሁን። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዎ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ያደረጉልንን ገለጻ የሰፈሩ ሰው እስከ ዛሬ ያወራዋል። ነገሩ እንዲገባን ብለው ሁለት ሠራተኞች መድረክ ላይ አውጥተው፣ «አንተ ምሥራቅ ነህ፣ አንቺ ምዕራብ ነሽ» ካሏቸው በኋላ፣ አንድ የታጠፈ ወረቀት ለምሥራቁ ሰጡት። ምሥራቁ እጅ ነሥቶ ለምዕራቧ አቀበላት፤ ምዕራቧ ከወገቧ ጎንበስ ብላ ለምሥራቁ መለሰችለት። እየተቀባበሉ ሲሄዱ አዳራሹ ሳቀ፤ ኃላፊዎም የመግባባት ምልክት መስሏቸው አብረው ሳቁ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለውን ያስታወሰ ያለ አይመስለኝም። በዚህ መካከል ከፊተኛው ረድፍ እህቴ ከዘራዋን ተደግፋ ተነሥታ፣ ያለ አንዳች ክፋት፣ እንግዳ ተቀባይ ሴት በምትጠይቅበት ድምፅ «ጎሽ ልጆቼ፣ ታምራላችሁ፤ ለእኛስ መቼ ነው የምትሰጡን?» አለች።

ኃላፊዎ ጥቂት አስበው «እናቴ፣ ይሄ እኮ ማሳያ ነው» አሏትና ወረቀቱን ከምዕራቧ እጅ ተቀብለው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። እህቴ ስትወጣ ምን ተጽፎበት እንደነበር ማወቅ እንደምትፈልግ ብትናገር፣ ፍራሽ ሰፊው «ባዶ ነው እትዬ፣ ከኋላቸው ሆኜ አይቸዋለሁ፣ አይቆጭሽ» አላት። ማጽናናቱ ነበር።

ስድስተኛ፤ ስለ ተገኘው መፍትሔ። ችግሩ ከታወቀ በኋላ የሰው ልጅ ሊያስበው የሚችለው ቀላል ነገር ከሁለቱ አንዱን «አንተ ዋና፣ አንተ መጠባበቂያ» ማለት ነበር፤ ይህ ግን እርቁን እንደሚያፈርስ ኮሚቴዎ በሚገባ ተገንዝቦ፣ ከሁለቱ በላይ ሦስተኛ ጣቢያ እንዲሠራ ወስኗል። ስሙም አስታራቂ ጣቢያ ይባላል፤ ምረቃው ቀርቧል፤ ድንኳኑ እየተተከለ ነው። አስታራቂው ከሁለቱም ይቀበላል፤ ማንም ቅር እንዳይለውም አንዴ ለምሥራቅ አንዴ ለምዕራብ በተራ ይሰጣል። ምሥራቅና ምዕራብም በበኩላቸው ለአስታራቂው ካላቸው አክብሮት የተነሣ ወደ እሱ ይመልሳሉ። ሁለቱ ይቀባበሉት የነበረውን ከእንግዲህ ሦስቱ ይቀባበሉታል ማለት ነው፤ እድገት ነው።

እኔም ሰው ነኝና አንድ ጥያቄ ይዤ መጣሁ፦ መልእክቱ በመጨረሻ ምሰሶው ጋ ይደርሳል ወይ የሚል። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጸሐፊ በጣም በትሕትና «እሱን የሚያውቁት የታችኛው መስመር ክፍል ናቸው» አለችኝ። ምድር ቤት ወረድሁ። የታችኛው መስመር ክፍል ባለሙያ ወንበር ስቦ አስቀምጦ «አባቴ፣ እኛ ከላይ የመጣልንን ነው የምናወርድ፤ ይምጣ አይምጣ የሚያውቁት ሦስተኛ ፎቅ ናቸው» አለኝ። ወጣሁ። ጸሐፊዋ ስታየኝ ደስ አላት፤ «አገኟቸው?» አለችኝና ስሜን ጽፋ በማኅተም አጅባ ወደ ታች ላከችኝ። ማንም አላመናጨቀኝም፤ ማንም አላንገላታኝም፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተከብሬ አላውቅም። ሁሉም ገመዳቸው ጤነኛ፣ መብራታቸው የበራ ነበር። ከብዙ ምልልስ በኋላ ደረጃው ላይ ጉልበቴን ይዤ ስቆም፣ የተሰጠኝ ቁጥር እያለቀ መሆኑ ተሰማኝ፤ ከመጣሌ በፊት በራሴ ፈቃድ ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

ስለዚህ ልመናዬ ትንሽ ነው። አዲስ ገመድ አልጠየቅሁም። አዲስ ጣቢያ አልጠየቅሁም። ከሁለቱ ኃላፊዎች አንዳቸውን፣ የፈለጉትን ይምረጡ፣ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ያህል ቅር ያሰኙልኝ። «መጠባበቂያ» የሚለው ቃል እንዳይጎረብጠው ከተፈለገ ደግሞ እኔ በሙያዬ ልተባበር፦ «ታላቁ መጠባበቂያ» የሚል ማዕረግ በቀይ ቆዳ ላይ በወርቅ ቀለም አትሜ፣ ጠርዤ፣ በነጻ አመጣለታለሁ። ሠርግ ላይ ይዞት ቢሄድ አያሳፍርም። ከዚያ በኋላ ራውተሩ ላይ ያለችውን አንዲት መስመር የሚያስተካክል ልጅ አይጠፋም፤ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ይጨርሳታል ተብዬአለሁ።

እዚህ ላይ «ታዲያ እህትህን ለምን ይዘሃት አትወጣም?» የሚል አንባቢ ይኖራል፤ ልክ ነው። ፎቅ ላይ ያለችኝን አንዲቱን ክፍል አጽድቼ፣ አልጋ አስገብቼ፣ ደረጃው ላይ መደገፊያ አስተክዬ ጠብቄአታለሁ። አልመጣም ብላለች። ባሏ የሰፋበት ክፍል እዚያ ነው፤ መኪናውን ዘይት ቀብታ፣ ጨርቅ አልብሳ አስቀምጣዋለች። እኔን ያሸነፈችኝ ግን በዚህ አልነበረም። ያሸነፈችኝ መሥሪያ ቤትዎ «ችግሩ በማያዳግም ሁኔታ ተቀርፏል» ብሎ ለሰፈሩ የላከውን ደብዳቤ አውጥታ ነው።

«ጡሩምባው አይነፋም እታለም፣ ይሄ ደብዳቤ ብቻ ነው» ብላት «ለምን አይነፋም?» ትለኛለች። «ሦስት ሆነው ስለሚገባበዙ ነው» ስላት ትስቃለች። በቤተሰባችን እኔ የተመዘገብሁት በቀልደኝነት ነው፤ ያለ ቀልድ አንድ ነገር ተናግሬ የሚያምነኝ ከቤታችን አልተወለደም። «በልጅነታችን ጣሪያው ላይ ግመል አለ ብለህ በጠዋት ያስወጣኸኝ አንተ አይደለህም?» ትለኛለች። ነኝ። ብምልላት፣ ፊቴን ባጠቁር፣ «ይኸው ደግሞ ፊቱን አጠቆረው፤ ያኔም እንዲህ ነበር ያጠቆርኸው» ብላ ይብሱን ትስቃለች። እንዲህ እንደምጽፍልዎ አድርጌ ሳወራት ደግሞ የምትሰማው ጨዋታውን ብቻ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ምክንያቷ ነው፤ ይህን ሊሰሙት ይገባል ብዬ አምናለሁ። «አንዴ የሳተ ሰው ሁለተኛ አይስትም» ትላለች፤ «አፍሮ ይጠነቀቃል። ሰው ገድለው ዝም የሚሉ ይመስልሃል? እነሱም እናት የወለደቻቸው ናቸው፤ ያፍራሉ።» ይህን የምትለው ለማጽናናት አይደለም፣ ለፖለቲካም አይደለም፤ የባሏን ልብስ እያጣጠፈች፣ ልክ ነገ ይነጋል እንደሚል ሰው ነው የምትለው። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ከተማ ውስጥ በመስመርዎ የሚተማመን ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ እህቴ ግን ከዚያም አልፋ፣ ዳገት መውጣት በማትችልበት ዳሌዋ፣ ከወንዙ ዳር ቤት ዘርግታ የምትኖረው በእርስዎ ሐፍረት ተማምና ነው። የምትደገፈው ባላ እሱ ብቻ ነው። ሁለተኛ ባላ የላትም። ጠንካራ መሆኑን እርስዎ ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ።

መልስ አልጠብቅም። መልስ ቢጽፉልኝም መንገድ ላይ እንደሚሆን ስለማውቅ፣ በመዘግየቱ ቅር እንደማልል ከወዲሁ አረጋግጥልዎታለሁ። ይህ ደብዳቤ በጋዜጣ እንዲወጣ ያደረግሁትም እርስዎን ለማሳጣት ሳይሆን፣ በወረቀት ታትሞ በሰው እጅ የሚታደል ነገር እስከ ዛሬ ሲገባበዙበት ስላላየሁ ነው።

ሥልጣንዎ እንደ ጣቢያዎችዎ ይብዛ፤ በሄዱበት በር ሁሉ «ይቅደሙ» የሚልዎ አይጥፋ፤ እርስዎም መልሰው «ይቅደሙ» የሚሉት አይጡ። ለምረቃው ቀን መልካም ፀሐይ እመኝልዎታለሁ፤ እኛ ዘንድ ፀሐይ መሆኑ ምንም እንደማያረጋግጥ ሳልዘነጋ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ ከእግርዎ ሥር በብዙ ጫማ ርቀት ዝቅ ብሎ ከሚኖረው ሕዝብ መካከል ጥቂት ከፍ ብሎ የሚኖር፣

መጽሐፍ ጠራዡ፣
የልብስ ሰፊው ሚስት ወንድም።

ማሳሰቢያ፦ በመጠባበቂያ ያስቀመጥሁት ሦስተኛው ነጥብ ሥራ ላይ የሚውልበት ጊዜ ደረሰ። ከላይኛው አገር አትክልት ጭኖ የወረደ ሾፌር ዛሬ ጠዋት ሱቄ በር ላይ ቆሞ እንደነገረኝ፣ እዚያ ከትናንት ጀምሮ ዝናቡ አላባራም። እዚህ ፀሐይ ነው። ይህን ጽሕፈት አቋርጬ ወርጄ ለእህቴ ነገርኋት፤ የቀረውንም ሁሉ ነገርኋት፤ «ግመልህን ደግሞ ጀመርኸው» ብላ ሳቀች። ሲነፋ እንደምትወጣ ቃል ገባችልኝ። ድምፁ በደንብ እንዲገባላትም፣ በጎረቤት መጋዘን ተከልሎ ወደማይታየው የጡሩምባው ምሰሶ አቅጣጫ ያለውን መስኮት ወለል አድርጋ ከፈተችው። ጡሩምባው ለአስታራቂው ጣቢያ ምረቃ ቀለም ሊቀባ ማክሰኞ ዕለት ከምሰሶው ወርዷል።